እሺ ከማለታችሁ በፊት፦ የሚገፋችሁን ስሜት ለይቶ የማወቂያ መንገድ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በ57 ብር ከምናምን ሲመነዘር የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከ74 ብር በላይ ገባ። በዚያ ሰሞን አንድ ማታ ጎረቤቴ ከባጃጅ ላይ ዘይት ሲያወርድ አየሁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጀሪካን። ምንም አልጠየቅሁትም። ጫማዬን አጠለቅሁና ወጣሁ። ስመለስ አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዤ ነበር። 100 ሊትር ዘይት፣ ሦስት ሰው ለሚኖርበት ቤት!

ገንዘቡ የቤት ኪራይ ነበር። ባለቤቴ ጀሪካኖቹን አየች፤ ቀጥላ እኔን አየች። "ሱቅ ልትከፍት ነው?" አለችኝ።

ዘይት በኋላ መወደዱን አልክድም። ስለዚህ "ተሳሳትኩ" ብዬ ለማማረር እንኳ አይመቸኝም። ግን ያን ማታ ስለ ዋጋ አላሰብኩም፤ ስለ ኪራይም አላሰብኩም። ያየሁት የጎረቤቴን ጀሪካን ብቻ ነው። የወሰነልኝ ፍርሃቴ ነው፤ እኔ ተሸካሚ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ትልቅ ነገር ሲመጣ፣ "እሺ" ወይም "አይ" ከማለቴ በፊት የምሠራት ነገር አለች። ወረቀት፣ እስክሪብቶና ግማሽ ሰዓት ብቻ ትፈልጋለች። እኔ ጣና ዳር ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው የምሠራት። ቤት ውስጥ ሰው አለ፣ ወሬ አለ። ለትንሽ ነገር አታውሏት። አሳ ጥብስ ልብላ ወይስ ሽሮ ለማለት ወረቀት አያስፈልግም። ዋስ ለመሆን፣ ቤት ለመሸጥ፣ ሥራ ለመልቀቅ፣ ብድር ለመግባት፣ ለጋብቻም ቢሆን ግን ትጠቅማለች።

1. ጥያቄውን በአንድ መስመር ጻፉ

"ስለ ገንዘቡ ጉዳይ" ብላችሁ አትጻፉ። "የአክስቴ ልጅ ለሚበደረው ገንዘብ ዋስ ልሁን ወይስ አልሁን?" ብላችሁ ጻፉ። በአንድ መስመር ካልገባላችሁ ምናልባት ሁለት ጥያቄ ነው ያለው። ለየብቻ ጻፏቸው። ከሥሩ መልስ የሚያስፈልግበትን ቀን አስፍሩ። ቀኑን የቆረጠው ማን እንደሆነም ጨምሩ።

2. ጥድፊያው የማን ነው?

የቦታ ደላላ ያነጋገረ ሰው ይህን ያውቀዋል። "ሌላ ገዢ ከሰዓት ይመጣል።" "ሰውዬው ነገ ወደ ውጭ ይበራል።" "ዛሬ ቀብድ ካልተያዘ ነገ የለም።" እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ፈትሹት። "ሁለት ቀን ስጡኝ" በሉ። ቀነ ገደቡ እውነተኛ ከሆነ ምክንያቱ ይነገራችኋል፤ ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል፣ ሐኪሙ ቀጠሮ ሰጥቷል፣ የሚያሳይ ወረቀት አለ። ከሌለ ሰውዬው ይቆጣል፣ ወይም "አላመንከኝም ማለት ነው?" ይላል። ያኔ የተቸኮለው ለምን እንደሆነ ገባችሁ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ልዩነቱ እዚህ ያስቸኮሏት ሌሎች መሆናቸው ነው።

እኔን ማንም አላስቸኮለኝም ነበር፤ ዘይት ሻጩ እንኳ "ቀስ በል፣ አለ" ብሎኝ ነበር።

3. ስሜቱን በስሙ ጥሩት

ዋናው ሥራ ይኼ ነው። ከባዱም ይኼ ነው።

ብዙ ሰው "ልቤን አዳምጣለሁ" ይላል። ልብ ግን ይደልቃል እንጂ ለምን እንደደለቀ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶናልድ ደተንና አርተር አሮን የተባሉ ተመራማሪዎች ካናዳ ውስጥ አንድ ነገር ሞከሩ። ካፒላኖ የሚባል ተወዛዋዥ ድልድይ አለ፤ ከገደሉ 70 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ወንዶች ሲሻገሩ አንዲት ሴት ታስቆማቸዋለች፣ መጠይቅ ታስሞላቸዋለች፣ ስልክ ቁጥሯን ትሰጣቸዋለች። ቁጥሩን ከወሰዱት 18 ወንዶች ዘጠኙ በኋላ ደወሉላት። ጠንካራና ዝቅ ያለ ድልድይ ላይ ቁጥሩን ከወሰዱት 16 ግን የደወሉት ሁለት ብቻ ናቸው። ተመራማሪዎቹ እንደተረጎሙት፣ ያንቀጠቀጣቸው ድልድዩ ነበር፤ እነሱ ግን ሴትዮዋ መሰለቻቸው። ጢስ ዓባይ ሄዶ ያንን ተንጠልጣይ ድልድይ የተሻገረ ሰው አይፈርድባቸውም። (ከተሻገሩ በኋላ የሚጠጣው ቡና ለምን እንደዚያ እንደሚጣፍጥም ይገባዋል።)

ስለዚህ ልብን ተዉትና ዓረፍተ ነገር አዳምጡ። ስለ ውሳኔው ስታስቡ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ደጋግማ የምትመጣውን አንዷን ዓረፍተ ነገር እንዳለች ጻፏት። አታሳምሯት። ከዚያ አሽቷት።

"ቢያመልጠኝስ?" ወይም "ባጣውስ?" ከሆነች ፍርሃት ናት። "ሰው ምን ይለኛል? እንዴት ብዬ ፊቱን አያለሁ?" ከሆነች ይሉኝታ ናት። "አሳየዋለሁ! እኔ ነኝ ወይስ እሱ!" እልህ ናት። "እገሌ እንኳ ገዝቷል" ስትል ቅናት መጥቷል፤ ያችን "እንኳ" የምትለዋን ቃል ተከታተሏት። "በሦስት ወር እጥፍ ይሆናል" ስስት ናት። "ይህን ሁሉ አውጥቼማ አልተውም" ደግሞ የሄደ ገንዘብ ነው የሚናገረው።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለብን። እኛ ጋ ስሜቶች በስማቸው አይጠሩም። "ፈርቼ ነው" የሚል ጎልማሳ ጎጃም ውስጥ ፈልጉልኝ። ፍርሃትን "ጥንቃቄ" እንለዋለን። ይሉኝታ "ጨዋነት" ይሆናል። እልህ "ክብር" ይባላል። ቅናት ደግሞ "እኔም ሰው ነኝ" ብሎ ይመጣል። ወረቀቱን ማንም አያየውም፤ እዚያ ላይ እንኳ እውነተኛውን ስም ጻፉ። ሁለት ሦስት ስሜት አንድ ላይ ካገኛችሁ ሁሉንም ጻፉና የትኛው ቢጠፋ ውሳኔያችሁ እንደሚቀየር ጠይቁ። ዋናው እሱ ነው።

4. ፍርሃት ከሆነ አነጋግሩት

ፍርሃትን ማባረር አይደለም ሥራው። ብዙ ጊዜ መረጃ ይዞ ይመጣል። ሦስት ነገር ጠይቁት፦ በትክክል ምን ይሆናል ነው የምትለኝ? የመሆኑ ነገር ምን ያህል ነው? ቢሆንስ ምን አደርጋለሁ?

አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ እንግዶች መጡብኝ። ዘጌ ካልሄድን አሉ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ጣና ጠዋት ዝም ያለ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ውሃው ይረበሻል። አንድ ሸበቶ ጀልባ ነጂ ሐይቁን አየት አደረጉና "ልጆቼ፣ ነገ አንድ ሰዓት ላይ ኑ" አሉን። አንድ ወጣት ደግሞ ሞተሩን አስነስቶ "እኔ አለሁ!" ይላል። እንግዶቼ ወደ እኔ ዞረው "አንተም እንደ ሽማግሌው ፈራህ?" አሉኝ።

ሦስቱን ጥያቄ በሆዴ ጠየቅሁ። ምን ይሆናል? ጀልባ ይገለበጣል። የመሆኑ ነገር? ቁጥሩን አላውቅም፣ ግን ነጭ አረፋ ከዳር ይታየኛል፣ ዕድሜውን ውሃ ላይ የጨረሰ ሰው ደግሞ አልወጣም ብሏል። ቢሆንስ? እኔ ዋና አልችልም፤ ጀልባው ላይ ያለው ላይፍ ጃኬት ለግማሻችንም አይበቃም። ሦስቱም መልስ መጥፎ ነው። እንዲህ ሲሆን ፍርሃታችሁን እሺ በሉት። በማግስቱ ጠዋት ሄድን። ውሃው መስታወት ነበር።

አስቂኙ ግን የመልስ ጉዞው ነው። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ ሲባሉ እንግዶቼ የጀልባውን ጠርዝ ጨብጠው ድምፃቸው ጠፋ። ጉማሬ በእርግጥ አይቀለድበትም። ከጀልባው ወርደን ግን አምስት ሆነን አንድ ባጃጅ ውስጥ ገባን። አንዱ ከሾፌሩ ጎን በአንድ ቂጡ ተቀምጦ፣ እግሩ ውጭ ተንጠልጥሎ፣ እየሳቀ።

የፍርሃት ሚዛን እንዲህ ነው። የሚያስደነግጠውን ያከብዳል፣ የለመደውን ያቀላል። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2001ዱ የአሜሪካ ጥቃት በኋላ ብዙ አሜሪካውያን አውሮፕላን ትተው በመኪና መጓዝ ጀመሩ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጌርድ ጊገረንዘር አስልቶ ሲያየው፣ በቀጣዩ አንድ ዓመት በዚህ ምክንያት ብቻ 1,500 ያህል ተጨማሪ ሰው መንገድ ላይ ሞቷል። ሞትን ሸሽተው የሄዱት ወደሚበዛበት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። የምትፈሩት የአሁኑን ነው ወይስ የድሮውን? አንድ ጊዜ በሽርክና የከሰረ ሰው ሽርክና በተባለ ቁጥር ይበረግጋል፤ ልጥ ይሁን እባብ ጠጋ ብሎ አያይም። ሁለቱን በወረቀቱ ላይ ጎን ለጎን ጻፏቸው፦ ያኔ ምን ነበር፣ አሁን ምን አለ። ካልተመሳሰሉ ያ ፍርሃት የዚህ ጉዳይ አይደለም።

5. ይሉኝታ ከሆነ ዋጋ አውጡለት

እኔ እንደማየው እኛን ከፍርሃት በላይ የሚጎዳን ይሉኝታ ነው። እሱም ፍርሃት ነው፣ የሰው አፍ ፍርሃት። ለዚህ ነው እዚህ የምቆየው።

የአክስቴ ልጅ አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቤቴ መጣ። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ጋሼ ነው የምለው። ሚስቱም አብራው ነበረች። ማር ይዘዋል። ማሩን ሳይ መጠርጠር ነበረብኝ። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ነገሩን አነሳው። "ወንድማለም፣ ብድር አልቆልኛል። የቀረኝ ዋስ ነው። ለፎርማሊቲ ነው እንጂ አንተ ላይ ምንም አይመጣም። አንተ ካልፈረምህልኝ ማን ይፈርምልኛል?" እናቴም እዚያው ነበረች። "ምን አለበት ልጄ" አለች። ሁሉም ዓይን እኔ ላይ ሆነ። "ችግር የለም ጋሼ" አልኩ። ማክሰኞ ሄጄ ፈረምኩ። ሳላነብ።

በ14ኛው ወር አበዳሪው ደወለ። ለእኔ ነው የደወለው። "ዋናው ተበዳሪ አለ አይደል እንዴ?" ብዬ ጠየቅሁ። "የፈረሙት የአንድነትና የነጠላ ዋስትና ነው" ተባልኩ። ዘጠኝ ወር ሙሉ የደመወዜ ግማሽ ለዚያ ሄደ።

ከመፈረሜ በፊት ማወቅ የነበረብኝን ልንገራችሁ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ዋስትና በጽሑፍ መሆን አለበት። ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ ገንዘብም በውሉ ላይ መጠቀስ አለበት፤ ካልተጠቀሰ ዋስትናው ውጤት የለውም። "በአንድነትና በነጠላ" የሚለው ሐረግ ካለ ደግሞ አበዳሪው መጀመሪያ ተበዳሪውን መክሰስ አይጠበቅበትም፤ በቀጥታ ወደ እናንተ መምጣት ይችላል። ስለዚህ ውሉ ሲቀርብላችሁ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ጣሪያው ስንት ብር ነው፣ ዋስትናው የትኛው ዓይነት ነው፣ መቼ ነው የሚያበቃው። "ለፎርማሊቲ ነው" የሚል አንቀጽ ውስጡ የለም። ካልገባችሁ ጠበቃ ጠይቁ፤ የምክር ክፍያው ከዘጠኝ ወር ግማሽ ደመወዝ ይቀላል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። መሐሉን በመስመር ክፈሉት። በአንድ በኩል "አይ ብል የምከፍለው" ብላችሁ ጻፉ፤ ማን ይኮርፋል፣ ስንት ጊዜ፣ በየትኛው በዓል ነው ፊት የሚነሳኝ? በሌላው በኩል "እሺ ብዬ ነገሩ ቢበላሽ የምከፍለው" ብላችሁ ጻፉ፤ በብር፣ ከዚያም በስንት ወር ደመወዝ። ይሉኝታ ኃይለኛ የሚሆነው ዋጋው ስላልተጻፈ ነው። እኔ ያን ጊዜ ብጽፈው ኖሮ በግራ በኩል "ጋሼ እስከ ፋሲካ ያኮርፋል" የሚል ብቻ ነበር የሚሆነው። ፈርሜም አኮረፈ። ገንዘቡን ስጠይቀው ተቀየመኝ፤ እስከ ዛሬ ለቅሶ ቤት ካልተገናኘን አንነጋገርም።

"አይ" ማለትም አባባል አለው። ፊት ለፊት እዚያው አትመልሱ። "ከባለቤቴ ጋር ልምከርበት" በሉ፤ ይህን የሚነቅፍ ሽማግሌ የለም። ስትመለሱ ሰበብ አትደርድሩ፤ ሰበብ ከደረደራችሁ አንድ በአንድ ያፈርሱባችኋል። አንድ አቋም ብቻ ተናገሩ፦ "ጋሼ፣ ዋስ አልገባም ብዬ ለራሴ ቃል አለኝ፤ ለእናቴ ልጅም አልፈርምም። ግን ይህችን ያዝልኝ።" ይህችን የምትሉት ባትመለስም የማትጎዳችሁ ብር ናት። እኔ አሁን እንዲህ ነው የማደርገው፤ እስካሁን አንድ ሰው ብቻ ነው የተቀየመኝ። ብሩን ግን ተቀብሏል።

ይሉኝታን አጥፉት ማለቴ አይደለም። እሱ ባይኖር ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ማን ያድራል? አስከሬን ማን ይሸኛል? እድር የቆመው በገንዘብ ብቻ አይደለም። ጊዜያችሁን ሲጠይቃችሁ ስጡት። ፊርማችሁን ሲጠይቃችሁ ወረቀቷን አውጡ።

6. እልህና የሄደ ገንዘብ

ስለ እልህ አጭር ነው፦ በልታችሁ፣ ተኝታችሁ፣ ነቅታችሁም ያው ከሆነ ቀጥሉ። አብዛኛው ጠዋት ላይ የለም።

የሄደ ገንዘብ ግን ተኝተው ሲነሱም አይለቅም። እ.ኤ.አ. በ1985 ሃል አርክስና ካትሪን ብሉመር ሰዎችን እንዲህ ብለው ጠየቁ፦ ለሁለት የሽርሽር ጉዞ ከፍላችኋል እንበል፤ አንዱ 100 ዶላር፣ ሌላው 50። ባለ 50ው የበለጠ ያስደስታችኋል ብላችሁ ታስባላችሁ። ግን ሁለቱም አንድ ቀን ላይ ዋሉ፤ ገንዘቡም አይመለስም። የትኛውን ትሄዳላችሁ? ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያነሰ የሚያስደስታቸውን መረጡ። ለምን? 100 ወጥቶበታላ!

አንድ ወዳጄ አሳ መሸጫ ከፍቶ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ፍሪጁ ውስጥ ያለው ቀረሶ የሚባለው አሳ ይበላሽበታል። ጄኔሬተር ገዛ። ቀጥሎ ለነዳጁ ተበደረ። "ይህን ሁሉ አውጥቼማ" ይለኛል። "ሱቁ ዛሬ የሌላ ሰው ቢሆን፣ በዚህ ገቢ በነጻ ቢሰጥህ ትወስደዋለህ?" አልኩት። ትንሽ ዝም አለና "ኧረ በል ተወኝ" አለ። ሁለት ወር ቆይቶ ዘጋው። ጥያቄዋን ውሰዷት፦ ዛሬ ከዜሮ ብጀምር እገባበት ነበር?

7. ጥያቄውን ገልብጣችሁ ጻፉ

አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካነማን እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተሙት ሙከራ አለ። 600 ሰው ሊገድል የሚችል በሽታ መጣ እንበል አሉ። ለአንዱ ቡድን "ይህን ብትመርጡ 200 ሰው በእርግጠኝነት ይድናል" ሲባል 72 በመቶው ዕድል ከመሞከር ይልቅ እርግጠኛውን መረጠ። ለሌላው ቡድን ያንኑ ነገር "400 ሰው በእርግጠኝነት ይሞታል" ብለው አቀረቡት። የመረጠው 22 በመቶ ብቻ ነው፤ የቀረው ዕድሉን ልሞክር አለ። ቁጥሩ አልተቀየረም። ከ600 ውስጥ 200 ከዳነ 400 ሞቷል። የተቀየረው አነጋገሩ ነው። ማጣት ከማግኘት በላይ ያመናል፤ ካነማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ካገኘባቸው ሥራዎች አንዱ ይኼ ነበር። ትቨርስኪ በ1996 ስለሞተ አልደረሰበትም።

እናንተም የራሳችሁን ሁለት ጊዜ ጻፉ። "ቤቱን ብሸጥ ምን አገኛለሁ?" "ቤቱን ብሸጥ ምን አጣለሁ?" መልሳችሁ አንድ ከሆነ ደህና። አጻጻፉ ሲለወጥ መልሱም ከተለወጠ ገና አልወሰናችሁም። ሌላ ቀን ተመለሱ። ደላላ ሁልጊዜ በየትኛው በኩል እንደሚያወራም አስተውሉ።

8. አበላሹት

ጋሪ ክላይን የሚባል ተመራማሪ የሚመክራት ዘዴ ናት። "ምን ሊበላሽ ይችላል?" ብላችሁ አትጠይቁ። ዓመት አልፎ ነገሩ ተበላሽቶ አለቀ በሉ። አሁን ለምን እንደተበላሸ ተርኩ። ሰው በእውነት እንደተፈጸመ አድርጎ ሲተርክ ሳይፈራ ይናገራል፤ "አታሟርት" የሚለውም የለም። ከተቻለ ይህን ከውሳኔው ምንም ከማያገኝ ሰው ጋር አድርጉት። ኮሚሽን የሚያገኝ አማካሪ አይሆንም፤ ደስ እንዲላችሁ ብሎ "ጎበዝ!" የሚል ጓደኛም አይሆንም። እኔ አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ አሉኝ። እትዬ ነው የምላቸው። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚሉት "ለማን ብለህ ነው?" ነው። ያችን ጥያቄ ሳልመልስ ወደ ሌላው አንሄድም።

9. ወስኑ፣ ወረቀቱንም አትጣሉ

ከታች ሦስት ነገር አስፍሩ፦ የወሰናችሁት፣ ያን ቀን የገፋችሁ ስሜት ስም፣ "እዚህ ከደረሰ እተወዋለሁ" የምትሉት ምልክት። ምልክቱ በቁጥር ወይም በቀን ይሁን። "ካልሆነልኝ" አይባልም፤ "ሦስት ወር በተከታታይ ከከሰረ" ይባላል። ከስድስት ወር በኋላ አውጥታችሁ አንብቡት። አምስት ስድስት ወረቀት ሲጠራቀም አንዱ ስም ደጋግሞ ታገኙታላችሁ። የእኔ ይሉኝታ ነው። የባለቤቴ እልህ ነው፤ እሷ ግን ወረቀት አትጽፍም፣ "እኔ ራሴን አውቃለሁ" ትላለች።

የዘይቱ ወረቀት የለኝም። ያለኝ ጀሪካን ነው። ሁለቱን በላናቸው፤ አንዱ ለእህቴ ልጅ ክርስትና ሄደ፤ አንዱን ጎረቤቴ፣ ያው ጎረቤቴ፣ ተበደረኝ። አምስተኛዋን ከዓመት በላይ ቆይታ ስንከፍታት ሸትታለች። ባለቤቴ ለበር ማጠፊያ ትሆናለች ብላ ጓሮ አስቀምጣታለች። 20 ሊትር፣ ለሦስት በር።